ታጠፈ ወይስ ጠፋ?

«ታጠፈ» ከሚለው ቃል ላይ የመጀመሪያዋን ፊደል ብናነሣ «ጠፈ» ይቀረናል። ከዚያ ወዲያ «ጠፋ» ለማለት አፍን ትንሽ ከፈት ማድረግ ብቻ ነው። የሰዋስው ሊቃውንት የሁለቱ ቃላት ሥር ለየቅል መሆኑን ይነግሩናል፤ እኛም በኑሯችን አናደባልቃቸውም። ጋቢ ታጥፎ ሣጥን ቢገባ ጠፋ ብሎ የሚጮህ የለም። ደብዳቤ አራት ላይ ታጥፎ ኪስ ውስጥ ቢያድር ፊደሉ አይረግፍም። ሰንሱል የሚባለው የአባቶቻችን ብራናም እየተነባበረ ታጥፎ ይሰበሰባል፤ ሲዘረጉት ሥዕሉ ሁሉ በቦታው ይገኛል። ኮምፒዩተር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የታጠፈ ጽሑፍና የጠፋ ጽሑፍ ለዓይን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አይታዩም።

ይህን ነገር እንዳስብበት ያደረገኝ የአክስቴ ልጅ ነው። አሰላ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ቀን ቀን የሰው ማመልከቻ ይተይባል፣ ማታ ማታ ደግሞ ረጅም ጽሑፍ ለሚጽፉ ሰዎች የሚሆን ፕሮግራም ይሠራል። በዚህ ፕሮግራም ላይ ገጹ ሲታተም የሚኖረውን መልክ እንደያዘ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ምዕራፎቹ ደግሞ እየታጠፉ ይዘረጋሉ። ባለ ሃያ ገጹ ምዕራፍ ርእሱን ብቻ አስቀርቶ ይሰበሰብና ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ከሥሩ ብቅ ይላል። ረጅም ነገር ለጻፈ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ አውቀዋለሁ። መቶ ገጽ በማውስ ሽክርክሪት እየወረዱ አንድ አንቀጽ መፈለግ ጭላሎን በእግር ከመውጣት አይተናነስም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ማውስን ከቢል ኢንግሊሽ ጋር ሆኖ የሠራው ዳግላስ ኤንግልባርት ኅዳር 30 ቀን 1961 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በተሰበሰቡ ባለሙያዎች ፊት ቀርቦ ፈጠራውን ሲያሳይ፣ ካሳያቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ማጠፍና መዘርጋት ነበር። ያሳየበትም ጽሑፍ የረቀቀ አልነበረም፤ ከገበያ የሚገዛ ነገር ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን በየወገኑ ከፋፈለና ዋና ዋናውን ብቻ አስቀርቶ የቀረውን ሰበሰበው፤ መልሶም ዘረጋው። የመጀመሪያዋ ማውስ ከሥሯ ሁለት ጎማ ያላት የእንጨት ሣጥን ነበረች። ስሟን ያገኘችው ከኋላዋ በሚጎተተው ሽቦ ነው ይባላል። ጎተራው በአይጥ ለተቸገረ የአርሲ ገበሬ የሚያኮራ ስም አይደለም፤ ግን ጸንቷል።

ከዚያ ወዲህ የማጠፊያው ምልክት ብዙ መልክ ለዋውጧል። ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1991 ትንሽ ሦስት ማዕዘን አመጣ፤ ወደ ጎን ስታይ ታጥፏል፣ ወደ ታች ስታይ ተዘርግቷል ማለት ነው። ዊንዶውስ 95 የመደመርና የመቀነስ ምልክት በትንንሽ ሣጥን ውስጥ አደረገ። ዎርድ 2013 ደግሞ ርእሶችን ማጠፍ ሲያስችል ምልክቷን ደበቃት፤ የማውሱ ቀስት ወደ ርእሱ ካልተጠጋ በቀር የተዘረጋ ርእስ ማጠፊያ እንዳለው አይታወቅም። ለገጹ ንጽሕና ሲባል ይመስለኛል። እኔ ግን በሩን ግድግዳ አስመስሎ መሥራት አልወድም።

ወደ አሰላ ልመለስ። የአክስቴ ልጅ ፕሮግራም የመጀመሪያ ተጠቃሚ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰባዎቹን የተሻገሩ፣ እጃቸው ትንሽ የሚንቀጠቀጥ፣ አንድ ዓይናቸው ሞራ የጀመረው ሰው። ጠዋት በር ላይ ሆነው «አካም ቡልቴ» ይሉና መልሱን በአማርኛ ይቀበላሉ። በእርሳስ የጻፉት የሕይወት ታሪክ አላቸው፤ አሥራ አንድ ምዕራፍ። ሌላ ሰው እንዲተይብላቸው አይፈልጉም። «እየተየብኩ ነው የማርመው፤ ሌላ ሰው ከተየበው ስሕተቴን አክብሮ ያስቀምጠዋል» ይላሉ። ከጥቅምት ጀምሮ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት እየተቀመጡ ሰባት ምዕራፍ አድርሰዋል። የሚሯሯጡበት ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው፤ ዓይናቸውና እጃቸው ቀጠሮ አይሰጧቸውም።

አራተኛው ምዕራፍ ስለ አባታቸው ነው። አባታቸው ከጭላሎ ግርጌ ጢሰኛ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰው ሁሉ «ካዱ» የሚለው፣ አሰላን ማዕከል አድርጎ ሥራ ጀመረ። ምርጥ ዘር መጣ፣ ማዳበሪያ መጣ፣ የወተት ላም መጣ። የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። መሬቱ እንዲህ የሚያተርፍ መሆኑን ያዩ ባለ ርስቶች ግን ትራክተር እያስገቡ ራሳቸው ማረስ ያዙ፤ ብዙ ጢሰኛም ተነቀለ። ይህ በጥናት ተደጋግሞ የተጻፈ ታሪክ ነው። መምህሩ የሚጽፉት ግን ያን ጥናት አይደለም፤ ጎጆው ሲፈርስ እናታቸው ምን ምን ዕቃ በየትኛው አህያ ላይ እንደጫኑ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ አባታቸው በሕይወት አልነበሩም።

እንግዲህ ይህ ምዕራፍ ነው የጠፋው። ወይም የታጠፈው።

መምህሩ የምዕራፉ ርእስ ላይ አንዲት ፊደል ሊያርሙ ፈለጉ። ቀስቷን ወደ ርእሱ ወስደው ጠቅ አደረጉ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ፕሮግራሙን ሲሠራው ርእሱን ጠቅ ማድረግ ምዕራፉን እንዲያጥፍ አድርጎት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ገጽ በቅጽበት ከስክሪኑ ላይ ተነነ። መምህሩ ትንሽ ቆዩ፤ አንድ ሁለት ቁልፍ ነካኩ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ማኅደሩ መለሱና ሰላምታ ሰጥተው ወጡ። አራት ቀን አልመጡም። በአምስተኛው ቀን ቤታቸው ብንሄድ ያን ምዕራፍ በእርሳስ እንደ አዲስ ጀምረው ስድስተኛው ገጽ ላይ ደርሰው ነበር። የመጀመሪያው የእርሳስ ረቂቅ በእጃቸው ቢኖርም፣ ሲተይቡ የጨመሩትና የቀየሩት ብዙ ነበርና ያን ለማስታወስ ሲታገሉ ነው የሰነበቱት።

«የአባቴን መሬት ትራክተር ወሰደው» አሉን፣ ሳይቆጡ፤ «ታሪኩን ደግሞ አይጥ።»

የአክስቴ ልጅ ሊያስረዳቸው ሞከረ። «ጋሼ፣ አልጠፋም እኮ፤ ታጥፎ ነው። እንዳለ አለ።»

«ልዩነቱን እኔ በምን ልወቅ?»

«ጭላሎን ጉም ሲሸፍነው ጠፋ ይላሉ እንዴ?»

«ጭላሎን ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ልጄ። ይቺን ማሽንህን ያወቅኋት በጥቅምት ነው።»

ከዚህ የተሻለ መልስ በመጽሐፍም አላገኘሁም። ሰው የማይታየውን ነገር «አለ» ብሎ የሚያምነው የቆየ ትውውቅ ሲኖረው ነው። በእኛ አገር ደግሞ ከኮምፒዩተር ጋር ያለን ትውውቅ በአብዛኛው ተቃራኒውን ያስተማረን ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ያልተቀመጠ ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። ስክሪን ላይ የማይታይ ነገር የለም ማለት ነው፤ ይህን ያልተማረ ጸሐፊ አላውቅም። እንዲህ ላለ ሰው ምዕራፉን ያለ ማስጠንቀቂያ ማጠፍ፣ መብራት እንደ ማጥፋት ነው።

በዚያ ሳምንት ከአክስቴ ልጅ ጋር ማታ ማታ ስንከራከር ሰነበትን። የክርክሩ እምብርት አንዲት ጥያቄ ናት፦ ርእስ ላይ ጠቅ ማድረግ ምን ማለት ነው? እሱ የለመደው ድረ ገጽን ነው። ድረ ገጽ ላይ አንባቢ ርእስን ጠቅ የሚያደርገው ሊከፍተው ወይም ሊዘጋው ነው፤ ሌላ ሊያደርገው የሚችል ነገር የለም። ጸሐፊ ግን አንባቢ አይደለም። ጸሐፊ ፊደል ላይ ጠቅ የሚያደርገው ሊጽፍ ነው። ከርሰሩን እዚያች ፊደል አጠገብ አቁምልኝ ማለቱ ነው። አንዲት ድርጊት ለሁለት ፈቃድ ከዋለች ማሽኑ ከሁለቱ አንዱን መገመት አለበት፤ ሲሳሳት ደግሞ የሚደነግጠው ማሽኑ አይደለም። ስለዚህ ፊደል ለመጻፊያ፣ ምልክት ለማጠፊያ ይሁን አልኩ። ርእሱን መቶ ጊዜ ቢነኩት ከርሰር ከማቆም በቀር ምንም አያድርግ።

እሱ «ድርብ ጠቅታ እናድርገዋ» አለ፤ አንዴ ሲነኩት ለመጻፍ፣ ሁለቴ ሲነኩት ለማጠፍ። ድርብ ጠቅታ ላይ ግን እኔ ቂም አለኝ። ዊንዶውስ እንደተገዛ ሁለቱ ጠቅታዎች በግማሽ ሰከንድ ውስጥ እንዲከተሉ ይጠብቃል። በዚያ ላይ እጅ በመካከል ከተንሸራተተ መጎተት የሚባል ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ለሚንቀጠቀጥ እጅ ይህ ፈተና ነው። ደግሞስ በጽሑፍ ላይ ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ቃሉን መምረጫ ሆኖ ከኖረ ስንት ዘመኑ! የተያዘ ወንበር ላይ ሌላ እንግዳ ማስቀመጥ ይሆናል።

እሺ፣ ምልክት ይኑር። የት? ምን ያህል? የእሱ ሦስት ማዕዘን የምስር ፍሬ ታክል ነበር። ፖል ፊትስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው ሕግ አለ፤ አንድን ዒላማ ነክቶ ለመያዝ የሚወስደው ጊዜ ዒላማው ሲርቅና ሲጠብ ይጨምራል የሚል። ለዚህ ተመራማሪ ያስፈልጋል ወይ የሚል ይኖር ይሆናል፤ ቁም ነገሩ ግን ሒሳብ አድርጎ ማስቀመጡ ነው። ምልክቷ ለዓይን ትንሽ ብትሆንም፣ የምትነካበት ቦታ ትንሽ መሆን የለበትም። ከርእሱ በስተግራ ያለው ባዶ ኅዳግ እንዳለ፣ ከላይ እስከ ምዕራፉ ታች ድረስ፣ ማጠፊያ ሆነ። በቀጭኑ ቀለም ተቀባ፤ ቀስቷ ስትገባበት ይደምቃል። ሃያኛው ገጽ ላይ ሆነው ምዕራፉን ማጠፍ ከፈለጉ ወደ ርእሱ መመለስ ቀረ።

ሌላም አለ፤ ሲያዩት ቀላል የሚመስል። ፕሮግራሙ ምዕራፉን የሚያጥፈው ጣት ቁልፉን እንደተጫነ ነበር። አሁን ጣት ሲነሣ ሆነ። በተጫኑበትና በሚያነሡበት መካከል ያለችው ቅጽበት የጸጸት ቅጽበት ናት፤ ቦታ የሳተ ሰው ቁልፉን እንደያዘ ቀስቷን ወደ ሌላ ስፍራ ወስዶ ሊለቃት ይችላል፤ ምንም አይሆንም። መምህሩ ይህን ሳይነገራቸው በሁለተኛው ቀን አገኙት።

ስለ ታጠፈው ምዕራፍ መልክ ግን መልሱ የመጣው ከአሰላ ገበያ ነው። የአክስቴ ልጅ ለእናቱ ቀሚስ ሊገዛ ሄዶ አብሬው ነበርኩ። ሸማ ነጋዴዋ ሠላሳ አርባ ቀሚስ አጣጥፋ ደርድራለች። ሁሉም የታጠፈው ጥበቡ ወደ ውጭ እንዲወጣ ተደርጎ ነው። ነጩ ወደ ውስጥ፣ ጥለቱ ወደ ውጭ። አንዱንም ሳትዘረጋ የትኛው የቱ እንደሆነ ታውቃለህ፤ የክምሩ ውፍረትም ድርብ ይሁን ነጠላ ይነግርሃል። «ያንተ ምዕራፍ የሚታጠፈው ጥበቡን ወደ ውስጥ አድርጎ ነው» አልኩት። ሳይከራከር ተቀበለኝ፤ ብርቅ ነው።

አሁን የታጠፈ ምዕራፍ ርእሱን፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በደብዛዛ ፊደልና በቀኝ በኩል «19 ገጽ ታጥፏል» የሚል ጽሑፍ ያሳያል። ከሥሩ የተነባበረ ወረቀት ጠርዝ የሚመስሉ ሁለት መስመሮች አሉ። የሚታጠፈውም በቅጽበት አይደለም፤ ወረቀቱ ወደ ርእሱ ሲሰበሰብ ዓይን ለመከተል በሚበቃ ፍጥነት ነው። የከተማ ወጣት ይህን ዝግመት ሊጠላው ይችላል። ለእርሱ ማጥፊያ ይሰጠው፤ ለመምህሩ ግን ምዕራፉ የት እንደገባ ማየት ግማሹ እምነት ነው።

ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ማንም ያላሰበው ነገር ነበር። ታጥፎ አንዲት መስመር የሆነ ምዕራፍ አንዲት መስመር ይመስላል፤ አንዲት መስመር ደግሞ በአንድ ቁልፍ ይሰረዛል። ርእሱን መርጦ ማጥፊያውን የነካ ሰው ርእሱን ብቻ ያጠፋ ይመስለዋል፤ በውስጡ ያለው አሥራ ዘጠኝ ገጽ አብሮ ይሄዳል። ያኔ «ታጥፎ ነው እኮ» የሚባል ማጽናኛ የለም። አሁን የታጠፈን ምዕራፍ ሊሰርዙ ሲሉ መጀመሪያ ይዘረጋል፤ የሚሰረዘውን ሁሉ ያሳያል፤ ከዚያ ይጠይቃል። ቃል ሲፈለግም እንዲሁ ነው፤ ቃሉ በታጠፈ ምዕራፍ ውስጥ ከተገኘ ምዕራፉ ራሱ ይከፈታል እንጂ «አልተገኘም» አይባልም። መጎተት ግን እንደታጠፈ ይሻላል። መምህሩ አራተኛውን ምዕራፍ እንደ ታጠፈ ይዘው ከሁለተኛው በፊት ሲያስቀምጡት፣ አሥራ ዘጠኝ ገጽ በአንድ እጅ ሲሄድ፣ ከልባቸው ሳቁ። በእርሳስ ዘመን ይህ ሁለት ሳምንት ግልበጣ ነበር።

ያልተስማማንበትም አለ። የአክስቴ ልጅ አንዱ ምዕራፍ ሲዘረጋ ሌላው በራሱ እንዲታጠፍ ይፈልጋል፤ ስክሪኑ ይጠባል ባይ ነው። እኔ ሰው ያልነካውን ነገር ማሽን መንካት የለበትም ባይ ነኝ፤ ሁለት ምዕራፍ ጎን ለጎን የሚያስተያይ ጸሐፊ አለ። በዚህ እኔ ረታሁ። መጽሐፉ ጠዋት ሲከፈት ሁሉም ምዕራፍ ታጥፎ ይጠብቅ ወይስ ትናንት እንደተተወ ይሁን በሚለው ግን ሁለቱም በአንድ ወገን ቆሙብኝ። እኔ እንደተተወ ይሁን እላለሁ። መምህሩ ታጥፎ ሲያገኙት ይወዳሉ፤ «ማውጫ ሆኖ ይጠብቀኛል» ይላሉ። ባለ መጽሐፉ እሳቸው ናቸውና እንደሳቸው ሆነ። አሳቤን ግን አልለወጥኩም።

አራተኛው ምዕራፍ አልጠፋምና መምህሩ ከስድስቱ የእርሳስ ገጾች የተሻለውን መርጠው አስገቡበት። እናታቸው የምጣዱን ጉዳይ ለጎረቤት አደራ ያሉበት ቦታ በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም፤ የመጣው በእነዚያ አራት ቀናት ነው።

ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት ባለው ቀን መጽሐፉ እስካሁን የደረሰበት እንዲታተምላቸው ፈለጉ፤ ለልጃቸው ሊልኩ። የአክስቴ ልጅ የማተሚያውን ትእዛዝ ሰጠ። መቶ ምናምን ገጽ ስንጠብቅ ማተሚያው አንድ ወረቀት አውጥቶ ዝም አለ። ሁሉም ምዕራፎች ታጥፈው ስለነበር የታተሙት ርእሶቹ ብቻ ነበሩ፤ ሰባት መስመር፣ ከየአንዳንዱ ጎን «ታጥፏል» የሚል። የአክስቴ ልጅ ፊቱ ቀላ። መምህሩ ግን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስደው በደኅናው ዓይናቸው አነበቡት። ከዚያ ሁለት ላይ አጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና «የቀረውን ነገ» አሉ።